ወታደር ከመሰማራቱ በፊት የከብቱን መንገድ ይጠይቅ (ከአብዬ ተመላሽ)

ሰማያዊ ቆብ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

እንዴት ሰነበታችሁ ቤተሰብ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። የጎረቤቴ ልጅ አብሮን አለ። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፤ ስለ ሰላም ማስከበር ጽሑፍ ሊያቀርብ ነው። «ጋሼ፣ ብሔር ከብሔር የተጋጨበት ቦታ ላይ ስንት ወታደር ይበቃል?» አለኝ። ያን ሰዓት የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚህ ልጻፍለት ብዬ ነው። እሱም ያነበዋል፣ እናንተም ትጨምሩበታላችሁ።

እኔ አብዬ ነበርኩ። ሁለት ዙር ሄጃለሁ። አብዬን ለማታውቋት፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለች፣ ሁለቱም «የኔ ናት» የሚሏት መሬት ናት። ንጎክ ዲንካዎች እዚያው ይኖራሉ። ሚሲሪያ የሚባሉት ዓረብ አርብቶ አደሮች ደግሞ በጋ ሲገባ ከሰሜን ከብታቸውን እየነዱ ይወርዳሉ። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት የሱዳን ጦር ከተማዋን ያዘ። ከ100,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ሰኔ ላይ ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ። ሰኔ 20 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1990 የሰላም አስከባሪ ተልዕኮ አቋቋመ። እስከ 4,200 ወታደር ተፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኛ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ቁጥር ለሚፈልግ ቁጥሩ ይኸው። ግን ቦታው ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣናን ሦስት ጊዜ አስቡት። በዚያ ላይ 4,200 ሰው በትኑት። ምግብ አብሳዩ፣ ሾፌሩ፣ ካምፕ ጠባቂው፣ የታመመው ሲቀነስ ለቅኝት የሚወጣው ስንት ይሆናል? ስለዚህ «ስንት» ከማለት በፊት «የት» እና «መቼ» ነው የሚጠየቀው።

የኔን ስሕተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስንገባ የሻምበላችንን የቅኝት ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእጄ ያለው ካርታ ላይ ሁለት ቀለም ነበር። ሰሜኑ ሚሲሪያ፣ ደቡቡ ዲንካ። መሐል ላይ ኬላ አቆምኩ። በወረቀት ሲታይ ያምራል። ከብቱ ግን ካርታ አያነብም። ኅዳር ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ቦታ ቀየረ። ቀለሙ ተደበላለቀ። እኛ ኬላው ላይ ፀሐይ ስንቃጠል ከብቱ በምዕራብ በኩል፣ ከኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ያልፍ ነበር። ይህን የነገረኝ መረጃ ክፍል አይደለም። ሻይ ያቀረበልን አንድ ሽማግሌ ነው። እጄን ይዞ አሸዋው ላይ በጣቱ ሣለልኝ። ውሃው የት እንዳለ፣ ሣሩ መጀመሪያ የት እንደሚደርቅ፣ ጥጃ ያላቸው ላሞች ለምን ቀድመው እንደሚመጡ። ያ የአሸዋ ሥዕል ከካርታዬ በለጠ።

እዚያ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ። ዲንካዎቹ ኪር ይሉታል። ሚሲሪያዎቹ ባሕር ኤል ዓረብ ይሉታል። አንድ ውሃ ነው። ወንዙን በአንዱ ስም ብቻ ከጠራኸው ግን ገና አፍህን ስትከፍት የማን ወገን እንደሆንክ ተወስኗል። ይህን ለወታደሮቼ አላስተማርኩም ነበር። አስተርጓሚያችንም ከአንደኛው ወገን ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ተንኮል የለበትም። ሌላው ወገን ግን እሱን ባየ ቁጥር ዝም ይላል። ሁለተኛ አስተርጓሚ ከሌላው ወገን እስክናገኝ ድረስ የሰማነው ሁሉ ግማሽ ነበር።

ሁለት ቀኖችን አልረሳም። አንደኛው ሐምሌ 26 ቀን 2003 ነው። ማቦክ በሚባል ቦታ መኪና ፈንጂ ረገጠ። አራት ወንድሞቻችን ሞቱ። ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም። ሄሊኮፕተሩ እንዲበር ከካርቱም ፈቃድ አልተገኘም፤ እርዳታ እየጠበቁ አለፉ። እስካሁን ሳስበው ደረቴ ይጠብባል። የባለ አገሩ መንግሥት ፈቃድ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ሲመስለን ነበር። ያን ቀን የቁስለኛ ነፍስ ሆነ።

ሁለተኛው ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ነው። ቀዳም ስዑር ነበር። እኛ ለፋሲካ እየተሰናዳን ነው። የንጎክ ዲንካዎች ታላቅ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በኛ አጀብ ከሰሜን ሲመለሱ ታጣቂዎች መንገድ ዘጉ። ለሰዓታት ድርድር ተደረገ። በመጨረሻ ተተኮሰ። አለቃው ሞቱ። አንድ የኛ ልጅም ሞተ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ካምፕ ነበርኩ፤ በሬዲዮ ነው የሰማነው። ሌሊቱን የትንሣኤ ጸሎት ማን እንደመራው አላስታውስም። ሁሉም ያለቅስ ነበር።

ወታደር ነበረን። መሣሪያም ነበረን። አንድ ሰው ሲገደል ግን የአንድ ሕዝብ ሁሉ ቁጣ እንደሚነሣ፣ የዚያ ሰው ጉዞ ከአንድ ብርጌድ እንቅስቃሴ እኩል መታቀድ እንዳለበት በደም ተማርን።

የምታውቁ ጨምሩበት።

---

የሽምብጥ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ ልጁ እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ፤ እዚህ ድረስ ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ላይ ለ1,000 ነዋሪ 20 የጸጥታ ሰው ያስፈልጋል የሚል ስሌት በተደጋጋሚ አገኛለሁ። ይህ ስሌት አብዬ ላይ አይሠራም ማለት ነው?

---

ሰማያዊ ቆብ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡31

ስሌቱ ሰው አንድ ቦታ ሲቀመጥ ነው የሚሠራው። የአብዬን ነዋሪ በነሐሴ ብትቆጥርና በጥር ብትቆጥር ሁለት የተለያየ አገር ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ዋልካ ነው። የጎጃምን ዋልካ ታውቀዋለህ፤ ያን በስንት እጥፍ አብዛው። መኪና ይሰምጣል። ከብቱም ወደ ሰሜን ይመለሳል። ያኔ ወታደርህ ካምፕ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል፣ ግጭቱም ይቀንሳል። በበጋ ደግሞ ያው ወታደር አይበቃህም።

እኛ በኋላ ያደረግነው ዓመቱን በወራት ከፍለን ማቀድ ነበር። ከብቱ ሲወርድ አንድ ዕቅድ፣ ውሃው ሲያንስ አንድ ዕቅድ፣ ሲመለሱ ሌላ። ሁለቱን ሕዝቦች የሚለይ፣ ታጥቆ የማይታለፍ መስመር ይዘረጋል፤ መስመሩ ግን ከወቅቱ ጋር ይነሣል። ጽሑፍህ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ካስገባህ የወታደር ቁጥር ሳይሆን የወራት ሰንጠረዥ አስገባ።

---

የታሪክ መምህርት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

ጋሼ ሰማያዊ ቆብ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ ነገር ግን ልከራከርዎት።

ከብት፣ ውሃ፣ ሣር የሚለው ትክክል ነው። ነገር ግን «ጉዳዩ ብሔር አይደለም፣ ውሃ ነው» ወደሚል እንዳንንሸራተት እፈራለሁ። ሰው በስሙ መገደል ከጀመረ በኋላ መነሻው ውሃ መሆኑ አያድነውም። ሩዋንዳን እዩ። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ ብለው ጻፉ። ከ60 ዓመት በኋላ መንገድ የዘጋ ሰው ያን መታወቂያ ጠይቆ ገደለ። በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው። እዚያ የከብት መንገድ ብትጠይቅ መልስ አታገኝም። ሬዲዮውን ነበር መስማት የሚያስፈልገው። አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ ለወራት በአየር ላይ ጥላቻ ሲዘራ ነበር።

የሰላም አስከባሪው አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር በጥር 1994 እ.ኤ.አ. የተደበቀ መሣሪያ እንዳለና ቱትሲዎች እየተመዘገቡ እንደሆነ ኒውዮርክ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ጻፉ። መሣሪያውን ልያዝ ሲሉ አይፈቀድልህም ተባሉ። ግድያው ሲጀመር 2,500 ያህል ወታደር ነበራቸው። 10 የቤልጂግ ወታደሮች ተገደሉ። ከዚያ የጸጥታው ምክር ቤት ኃይሉን ከመጨመር ይልቅ ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1986 ነው ቀኑ።

ከሁሉ የሚያመኝ የኪጋሊው ትምህርት ቤት ነው። ወደ 2,000 ሰው፣ ብዙው ቱትሲ፣ የቤልጂግ ወታደሮች ያሉበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠልሎ ነበር። ሚያዝያ 3 ወታደሮቹ የውጭ ዜጎችን ለማውጣት ታዘው ሄዱ። ገዳዮቹ አጥሩ ውጪ ይጠብቁ ነበር። ወታደሩ እንደወጣ ገቡ።

ስለዚህ ብሔር የሚለውን ስም ማቃለል አንችልም። ያ ስም የሞት ዝርዝር የሆነበት ቀን ዕቅዱ ሌላ ነው። ያኔ በሁለት ወገን መካከል እኩል ርቀት ላይ መቆም ፍትሕ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታትን ሰላም ማስከበር የገመገመው የ2000 እ.ኤ.አ. የብራሂሚ ሪፖርት ይህን በግልጽ ጽፎታል። አለማዳላት ማለት ገዳይንና ተገዳይን እኩል ማስተናገድ አይደለም።

---

አባ ግዳጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሩዋንዳ ስትባል ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እዚያ ነበርኩ። ነሐሴ 1986። ፈረንሳዮች ከደቡብ ምዕራቡ ሲወጡ የኛ ሻለቃ ነው የገባው።

ዘግይተን ነው የደረስነው፤ ሁሉም ዓለም ዘግይቶ ነው የደረሰው። ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆች ያነባሉ። አንድ ነገር ብቻ። ሕዝቡ በወታደር ልብስ ላይ እምነት አልነበረውም። መጀመሪያ ውሃ ይዘን ስንሄድ ይሸሹን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አላደረግንም ማለት ይቻላል። ቆመን መታየት ብቻ። ልጆች ቀረቡን፤ ከዚያ እናቶች፤ ከዚያ ወንዶች። ያ ሳምንት በዕቅድ ውስጥ አልነበረም። አዛዡ በራሱ ጭንቅላት ያደረገው ነው። እግዜር ይስጠው።

መምህርት፣ ልክ ብለሻል እህቴ።

---

ባለባጃጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሁላችሁም ሽማግሌ፣ ሻይ፣ መታየት ትላላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። ክላሽ የያዘ የ20 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ይሰማል? እኛም እዚሁ ከተማ ባጃጃችንን አቁመን፣ በር ዘግተን ተኩስ ሰምተን ያደርንበት ሌሊት አለ። ያን ሌሊት ሽማግሌ የት ነበር? ለኔ ሰላም ማለት ጠዋት ተነስቶ ሥራ መሄድ ነው። ማን እንደሚያመጣው ንገሩኝ።

---

አወያይ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15

ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። ብሔር ጠርቶ መስደብ እዚህ ቤት አይፈቀድም። የራሳችሁን ልምድ ጻፉ፤ የሌላውን ሕዝብ ስም አታጥፉ። እዚህ የምንጽፈውን የሞተበት ሰው ያነበዋል።

---

ሰማያዊ ቆብ | እሑድ፣ ረፋድ 4፡40

መምህርት፣ እጅ ሰጥቻለሁ። «ውሃ ነው እንጂ ብሔር አይደለም» ማለቴ አልነበረም፤ ግን እንደዚያ ይነበባል። አብዬ ላይም አለቃው ሲገደሉ የውሃ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። የስም ጉዳይ ሆነ። መነሻውን ሳታውቅ ኬላ ታቆማለህ፣ ስሙን ሳታውቅ ደግሞ የሚቀጥለው ሟች ማን እንደሆነ አታውቅም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዬ ውስጥ ብዙ ሰው የሞተው በንጎክ ዲንካና በትዊች ዲንካ መካከል ነው። ሁለቱም ዲንካ ናቸው። ጸቡ አኔት በምትባል የገበያ ቦታ መሬት ተነሣ። ሁሉንም ጥበቃ ሰሜን ላይ የደረደረ ዕቅድ ደቡቡን ባዶ ያገኘዋል። በብሔር ስም ብቻ የተሣለ ካርታ «ዲንካ ከዲንካ አይጣላም» ይላል።

ባለባጃጅ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። አላቃልለውም። ሽማግሌ ብቻውን ክላሽ አያቆምም። አብዬ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የንጎኩ አለቃ ዴንግ ማጆክ እና የሚሲሪያው ናዚር (የጎሣ አለቃ) ባቦ ኒምር ወዳጆች ነበሩ። የግጦሹን ነገር ሁለቱ ተነጋግረው ይጨርሱ ነበር። ሰው ሲገደል ደም በከብት ይካሳል። እኛ ደም ማድረቅ የምንለው ዓይነት ነው። ያን ሥርዓት ሽማግሌው ስላረጀ አይደለም ያጣነው። ከሩቅ ያሉ መንግሥታት ለአንዱም ለሌላውም መሣሪያ ሰጡ። መሣሪያ የሰጠው ሰው የልጁ አዲስ አለቃ ሆነ። ሽማግሌው የሚከፍለው ከብት አለው፣ ደሞዝና ጥይት ግን የለውም።

ስለዚህ የወታደሩ ሥራ የሽማግሌውን ቦታ መውሰድ አይደለም። ሽማግሌው ሳይገደል ወደ ስብሰባው እንዲደርስ መንገድ መጠበቅ ነው። የሁለቱ ወገን የጋራ የሰላም ኮሚቴ በዚህ ነው የቆመው። ቀጥሎ አሚየት የሚባል የጋራ ገበያ ተከፈተ፣ ከአብዬ ከተማ በስተሰሜን። ሚሲሪያው ከሰሜን ሸቀጥ ያመጣል፣ ዲንካው ይገዛል፣ ከብት ይሸጣል። ገበያውን ወታደር ይጠብቃል። ያን ገበያ ስታይ ነው ሥራ ሠራሁ የምትለው። ገበያተኛው ጠዋት ተነስቶ ሥራ ይሄዳል፤ አንተ እንዳልከው።

---

ነርስ ነኝ | እሑድ፣ ቀን 7፡18

ስለ ማቦኩ ቁስለኞች አንድ ነገር። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮዎች ለቁስለኛ የሚያስቀምጡት መለኪያ አለ። በ10 ደቂቃ ደም ማቆም፣ በ1 ሰዓት የላቀ ሕክምና፣ በ2 ሰዓት ቀዶ ጥገና። ሦስቱም በሰዓት ነው የሚቆጠሩት። የበረራ ፈቃድ ለመለመን የሚሄድ ሰዓት የተቀመጠበት ቦታ የለም። ዕቅድ አውጪ ሁሉ ይህን ልብ ቢለው ደስ ይለኛል። እኔ የማክመው ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

---

የታንኳ ልጅ | እሑድ፣ ከሰዓት 9፡33

አንድ ከባድ ጥያቄ አለኝ፤ አወያይ እባክህ አትሰርዘው፣ በጨዋነት ነው የምጠይቀው።

ስለ ሌላው አገር ብሔር ብዙ አወራን። የወታደሩ የራሱ ብሔርስ? የካቲት 15 ቀን 2013 ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደ አገር ሊመለሱ ከነበሩ የኛ ሰላም አስከባሪዎች 15ቱ አንሳፈርም እንዳሉ የተባበሩት መንግሥታት ተናግሯል። የትግራይ ተወላጆች ናቸው ተባለ። አገር ቤት ጦርነት ነበር። ወታደር ሌላውን ሊያስታርቅ ሄዶ ቤቱ ሲቃጠል ምን ይሆናል? ይህን ማን ያቅደዋል?

---

ሰማያዊ ቆብ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሰዓት ጀምሮ ሳስብ ቆየሁ።

እኔ ጋንታዬ ውስጥ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የመጣ ሰው ነበረኝ። አንድ ድንኳን ነው ያደርነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ዘቡን ይወስድለታል። ለዲንካውና ለሚሲሪያው «እኛም ብዙ ሕዝብ ነን፣ አብረን ነው የምንበላው» ብለን እንነግራቸው ነበር። ይህ ንግግር ብቻ አልነበረም። ያዩናል። ሠርቷል።

ስለዚህ ያን ዜና ስሰማ የማውቃቸውን ሰዎች ፊት ነው ያሰብኩት። ማን ትክክል ማን ስሕተት የሚለውን እዚህ አላነሣም። እኔ የምለው፣ የአገር ቤት ጦርነት የሰላም ማስከበር ዕቅድ አንድ ክፍል መሆን ነበረበት። ወታደሩ ከቤተሰቡ ጋር እንዴት ይገናኛል? ቤቱ የተጎዳበትን ሰው ማን ያነጋግረዋል? ዝም ከተባለ ድንኳኑ ውስጥ ሐሜት ይገባል። ሐሜት ከገባ በኋላ አብሮ ዘብ መቆም ከባድ ነው። የጎን ጓድህን ጀርባህን ሰጥተኸው ካላደርክ ለሰው ጋሻ መሆን አትችልም።

አብዬም ላይ በመጨረሻ የኛ ጦር ወጥቶ ከሌሎች አገሮች የመጡ ወታደሮች ተተኩ። ሱዳን በሕዳሴ ግድብና በድንበር ጉዳይ ከኛ ጋር ሆድና ጀርባ ስትሆን «ኢትዮጵያውያን ይውጡልኝ» አለች። በ2003 ሁለቱም ወገን የተስማማበት ጎረቤት ከ10 ዓመት በኋላ ባለጉዳይ ሆነ። ጎረቤት ቋንቋውን፣ ፀሐዩን፣ ዋልካውን ያውቃል። ጎረቤት የራሱ ጸብም አለው።

---

የታሪክ መምህርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ለዚህ ነው እዚሁ ከተማችን በሚያዝያ 2004 የመጀመሪያው የጣና ፎረም ሲካሄድ ብዝኃነትን ማስተዳደርና የመንግሥታት ደካማነት አንድ ላይ ርዕስ የሆኑት። እነዚያ መሪዎች ሐይቁን እያዩ የተነጋገሩበት ጉዳይ ዛሬ የኛ የቡና ወሬ ሆኗል። ያኔ ስለ ሌላ አገር የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፣ ኢጋድ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋመውን የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ጽሑፍህ ውስጥ አስገባው። ሴዋርን ይሉታል። የጀመረው በድንበር አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮችን ግጭት በመከታተል ነው። ለአንተ ርዕስ ቅርብ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያው አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ዳሌርም ጽፈው ነበርኮ።

---

ዓሣ ጠባሿ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

እኔ ከመተከል የመጣሁ ነኝ። እርሻ ነበረን፤ በቆሎና ሰሊጥ። አሁን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። መምህርቷ ስለዚያ ትምህርት ቤት የጻፈችውን ልጄ ስታነብልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

እኛም ጋ ወታደር ነበረ። ክፉ አልነበሩም። ልጆቼ ብስኩት ይሰጧቸው ነበር። እነሱ ስላሉ ነው ተኝተን የምናድረው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ የሉም። ማንም አልነገረን። የሚተካ አልመጣም። ለሁለት ቀን «ይመጣሉ» እያልን ጠበቅን። በሦስተኛው ሌሊት የሆነው ሆነ። ባሌን ያጣሁት ያን ሌሊት ነው።

የማን ስሕተት እንደሆነ አላውቅም፤ ማንንም አልከስም። ብሔራቸውን ጠርቼ የምጠላው ሕዝብም የለም። ከነዚያው ሰዎች ልጆቼን ደብቃ ያዳነች ሴት አለች። እሷ ባትኖር ዛሬ ይህን የምትጽፍ ልጅ የለችኝም።

ወንድሜ ሰማያዊ ቆብ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተ ከአንድ ቦታ ስትነሡ ለሕዝቡ ትነግሩ ነበር?

---

አባ ግዳጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡41

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ነፍስ ይማር።

---

ባለባጃጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡58

እትዬ፣ አይዞዎት።

ጋሼ፣ እኔም መልሱን እፈልጋለሁ። ግን ቀኑን ለሕዝብ ከነገራችሁ ታጣቂውም ይሰማልኮ። ያኔስ?

---

ሰማያዊ ቆብ | ሰኞ፣ ጠዋት 12፡15

እህቴ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ለእርስዎ እውነቱን ነው የምናገረው።

ሁልጊዜ አንነግርም ነበር። ምክንያቱ ባለባጃጅ ያለው ነው። የጦር እንቅስቃሴ ምስጢር ነው። ቀንህን ከተናገርክ መንገድ ላይ ይጠብቁሃል። ይህ ለወታደሩ ትክክል ነው። ለሕዝቡ ግን ሌላ ነው። የሄደ ወታደር ባዶ ቦታ ብቻ አይተውም። ሰው እሱን አምኖ ሳይሸሽ የቀረ ነው። ወታደር ባይኖር ኖሮ ቀድሞ ይሸሽ ነበር። ይህን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰፈር አጠገብ አራት ወር ያህል ቆይተን ነበር። ከጎናችን ዳስ ሠርታ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። የልጆቿን ስም ሁሉ እናውቃለን። የመነሻ ትእዛዝ ሲመጣ ምስጢር ነው ተባለ። ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ሞተር ሲነሣ እሷ እሳቱን ልታያይዝ ወጥታ ነበር። መኪናውን ቆማ አየችው። እጇን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። እዚያ ሰፈር ላይ ክፉ ነገር አልደረሰም፤ ተመስገን። ሊደርስ ግን ይችል ነበር።

ባለባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ የተማርነው ይህ ነው። የመነሻውን ቀን አትናገርም። የሚተካው ክፍል ግን አንተ ሳትነሣ ይመጣል። አንድ ሳምንት አብራችሁ ትታያላችሁ። አብራችሁ ቅኝት ትወጣላችሁ። ገበያው ላይ አብራችሁ ትዞራላችሁ። አለቃውን፣ የሴቶቹን ወኪል፣ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ጠባቂ ለአዲሱ አዛዥ በእጅህ ታስረክባለህ። የሚተካ ከሌለ ደግሞ ሕዝቡን ይዘህ ወደሚጠበቅ ቦታ ትወስዳለህ፤ ወይም አትነሣም። ይህ ተጨማሪ ነዳጅ፣ ተጨማሪ ሬሽን፣ ተጨማሪ ድንኳን ነው። በጀት የሚያጸድቁ ሰዎች መጀመሪያ የሚቆርጡትም እሱን ነው። «ለምን ሁለት ክፍል አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል?» ይላሉ። የእህቴን ጽሑፍ ያንብቡት።

የሽምብጥ ልጅ፣ «ስንት ወታደር ይበቃል» ላልከኝ፣ ቢያንስ የሚተካውን ጨምረህ ቁጠር።

እህቴ፣ በሁለተኛው ዙር ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ሰፈር ነው። ዳሱ የለም። «አሚየት ገበያ ሄዳ ሻይ ታፈላለች» አሉኝ። ሦስት ጊዜ በገበያው ቀን ፈለግኳት። አላገኘኋትም። የኔ መልስ ይህ ነው።

---

ዓሣ ጠባሿ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሴትየዋን ሲያገኟት እኔም ሰላም ብያታለሁ በሏት።